የዝናብ ጌታ፤ ሩዶልፍ ካራቾላ

ዝናብ የሚወድ የኦቶሞቢል ተሽቀዳዳሚ ብዙ አይገኝም። መንገዱ ሲረጥብ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ አይዝም፤ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚረጨው ውኃ ከኋላ የሚመጣውን ነጂ ዓይን ይጋርዳል፤ ፍሬኑም ትንሽ ጠንከር ተደርጎ የተረገጠ እንደሆነ መኪናው እንደ እንዝርት ይሾራል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት ግን፣ በውድድር ቀን ጧት ሰማዩ ሲጠቁር ፊቱ የሚፈካ አንድ ጀርመናዊ ነበረ። እሱም ሩዶልፍ ካራቾላ ነው። የአገሩ ሰዎች የዝናብ ጌታ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። የጀርመንን ግራን ፕሪ ስድስት ጊዜ አሸንፏል፤ የአውሮፓ ሻምፒዮን ለመባልም ሦስት ጊዜ በቅቷል። ከድሎቹ ብዛት ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሦስቱንም የአውሮፓ ሻምፒዮንነት ያገኘው አንዱ እግሩ ከሌላው በአምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ካጠረ በኋላ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካራቾላ የተወለደው ጃንዋሪ 30 ቀን 1901 ዓ.ም. በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሬማገን ከተማ ነው። ስሙ ለጀርመን ጆሮ እንግዳ የሆነበት ምክንያት ቤተ ሰቡ የዘር ሐረጉን ከኢጣልያ፣ ከናፖሊ፣ የሚቆጥር በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በራይን አገር ተቀምጠው ፍጹም ጀርመናውያን ሆነው ነበር። ወላጆቹ ሆቴል ያስተዳድሩ ነበርና ልጁ ያደገው ያለ ችግር ነው። አባቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲማር ይመኙ ነበር። የእሱ ልብ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሞተር ጋር ስለ ነበረ፣ አባቱ በሞቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በአኽን ከተማ ፋፍኒር በሚባለው የኦቶሞቢል ፋብሪካ በሙያ ተለማማጅነት ተቀጠረ። በ1922 ዓ.ም. በዚሁ ፋብሪካ መኪና በበርሊን ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ።

በአኽን ግን ብዙ አልቆየም። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተሸነፈች ከተማዋ በቤልጅግ ወታደሮች እጅ ነበረች። በ1923 ዓ.ም. ወጣቱ ካራቾላ በአንድ የምሽት መዝናኛ ቤት ከባዕድ ጦር ሰዎች አንዱን በቡጢ ስለ መታ፣ እስራት እንዳይደርስበት ሸሽቶ ወደ ድሬስደን ሄደ። በዚያው ዓመት ከወዳጁ በተዋሰው ትንሽ መኪና በበርሊን ስታዲየም ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ የዳይምለር ኩባንያ የመርሴዲስ መኪና ሻጭ አድርጎ በድሬስደን ቀጠረው። ሥራው መሸጥ ነበር፤ በእሑድ ቀን ግን ኩባንያው በሚፈቅድለት መኪና በየአገሩ እየዞረ ይወዳደር ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ጀርመን በበርሊን ግራን ፕሪ እንደምታዘጋጅ ተሰማ። መርሴዲስ ግን ዋና ዋና ነጂዎቹን በስፓኝ አገር ወደሚደረግ ውድድር ለመላክ ወስኖ ነበር፤ በውጭ አገር መኪና ለመሸጥ የሚጠቅመው ያ ነውና። ካራቾላ ይህን እንደ ሰማ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ስቱትጋርት ሄደና መኪና እንዲሰጡት ለመነ። እነሱም ለእሱና አዶልፍ ሮዘንበርገር ለሚባል ሌላ ወጣት ሁለት መኪና ሰጡ። ነገር ግን እንደ ኩባንያው ተወካዮች ሳይሆን በገዛ ስማቸው እንዲወዳደሩ ሆነ። ቢሸነፉ ኩባንያው እንዳያፍር ይመስላል።

ውድድሩ ጁላይ 11 ቀን አቩስ በሚባለው በበርሊን ዳርቻ ባለው መንገድ ላይ ተደረገ። ሕዝቡ ከ200 ሺህ በላይ ነበር። የመነሻው ባንዲራ ሲወርድ ሌሎቹ ተፈትልከው ሲሄዱ የካራቾላ ሞተር ጠፋ። በዚያን ዘመን ሜካኒኩ ከነጂው ጎን ይቀመጥ ስለ ነበር፣ ኦይገን ዛልዘር የሚባለው ጓደኛው ዘሎ ወርዶ ከባዱን መኪና በትከሻው ይገፋ ጀመር። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ባከነ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ብዙዎቹ መኪናዎች እየተንሸራተቱ ከመንገድ ወጡ፤ የሮዘንበርገርም መኪና ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሰዓት መዝጋቢዎቹ ያሉበትን ቤት ስለ መታው በውስጡ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ካራቾላ ከፊቱ ማን እንዳለ ከኋላውም ማን እንደ ቀረ ሳያውቅ፣ በጉሙና በውኃው ውስጥ እየዳበሰ 20 ዙር ፈጸመ። ከመኪናው ሲወርድ አንደኛ መሆኑን የነገሩት ሌሎች ናቸው። የ25 ዓመቱ መኪና ሻጭ በአንድ ቀን በመላው ጀርመን የታወቀ ሰው ሆነ። 17 ሺህ የጀርመን ማርክ ሽልማት አገኘ፤ እጮኛውን ሻርሎትን አገባ፤ በበርሊን ዋና ጎዳና በኩርፉርስተንዳምም የመርሴዲስ መሸጫ ቤት ከፈተ። የዝናብ ጌታ የሚለው ስምም ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ አነዳዱ የጻፉት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም መኪናውን አያስጨንቀውም ነበር። መሪውን በቀስታ ያዞራል፤ ፍሬኑን በድንገት አይረግጥም፤ በመታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ ጎን እንዲንሸራተት ብዙ አይፈቅድም። በደረቅ መንገድ ከእሱ የበለጠ ደፋር የሆኑ ነበሩ። በረጠበ መንገድ ላይ ግን ድፍረት ብቻውን መቃብር ስለሚያወርድ፣ ያ ዝምታ የተሞላበት አነዳድ ትልቅ ጥቅም ሆነለት። ጎማዎቹም ከሌሎቹ ጎማ ይልቅ ረዥም ጊዜ ያገለግሉት ነበር።

በ1927 ዓ.ም. በአይፍል ተራራዎች መካከል ኑርቡርግሪንግ የሚባለው ታላቅ የመወዳደሪያ መንገድ ሲመረቅ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈ ካራቾላ ነው። ይህ መንገድ በጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ ሲሆን፣ ሰሜናዊው ዙር ብቻ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመታጠፊያዎቹ አንዱ ካሩሴል የሚባለው ነው። በዚህ ስፍራ ከመንገዱ ውስጠኛ ጠርዝ ሥር የውኃ መውረጃ ቦይ ነበረ፤ ሌሎች ሲሸሹት ካራቾላ የመኪናውን ውስጠኛ ጎማዎች ሆነ ብሎ ቦዩ ውስጥ በማስገባት እንደ ባቡር ሐዲድ ይጠቀምበት ጀመር። ብልሃቱን ከሜካኒኩ እንዳገኘው የሚናገሩ አሉ፤ ለማንኛውም ጥቂት ቆይቶ ሁሉም እንደዚያው ማድረግ ጀመሩ፤ ቦዩም ቆይቶ በሲሚንቶ ተለበጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፍ። በ1928 ዓ.ም. በብርቱ ሙቀት ከክርስትያን ቬርነር ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ የጀርመንን ግራን ፕሪ ሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። በ1929 ዓ.ም. በመጀመሪያው የሞናኮ ውድድር ሰባት ሊትር ሞተር ያለውን ግዙፍ ነጭ መርሴዲስ በጠባቦቹ የከተማ መንገዶች ውስጥ እየነዳ ከትናንሾቹ ቡጋቲዎች ጋር ተያያዘ። ቤንዚን ለመሙላት አራት ደቂቃ ተኩል ባያባክኑበት ኖሮ ምናልባት ያሸንፍ ነበር፤ ሦስተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በሰሜን አየርላንድ በዝናብ የተደረገውን የቱሪስት ትሮፊ ውድድር አሸነፈ። ከ1930 እስከ 1932 ዓ.ም. ደግሞ በተራራ መውጣት ውድድር የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበር።

የ1931 ዓ.ም. ታሪክ ግን ቆም ብሎ መናገር የሚገባው ነው። የዓለም ንግድ ወድቆ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በሚያሰናብቱበት ጊዜ መርሴዲስ የውድድር ክፍሉን ዘጋ። የክፍሉ አለቃ አልፍሬድ ኖይባወር ግን በብዙ ልመና ኩባንያው ለካራቾላ አንድ መኪና እንዲተውለት አደረገ። በዚህ አኳኋን አምስት ሰዎች ብቻ ያሉበት ትንሽ ጓድ ተቋቋመ፤ እነዚህም ካራቾላ፣ ሚስቱ ሻርሎት፣ ኖይባወርና ሁለት ሜካኒኮች ነበሩ። ክብደት ለመቀነስ የመኪናው የብረት አጥንት እንደ ወንፊት ተበሳሳ። በሚያዝያ ወር በኢጣልያ ከብሬሻ እስከ ሮማ ደርሶ በሚመለሰው ሚሌ ሚልያ በተባለው የአንድ ሺህ ማይል ውድድር ገቡ። ኢጣልያኖቹ በየከተማው ጎማ የሚቀይር ብዙ ሰው አሰልፈው ነበር። የካራቾላ ሰዎች ግን ጥቂቶች ስለ ነበሩ በአንዱ ጣቢያ መኪናውን ካሳለፉ በኋላ በአቋራጭ እየገሠገሡ በሌላው ጣቢያ ይጠብቁት ነበር። ካራቾላ ሜካኒኩን ቪልሄልም ሴባስትያንን ከጎኑ አስቀምጦ ከ16 ሰዓት በላይ ነድቶ አንደኛ ወጣ። ኢጣልያዊ ያልሆነ ሰው ያንን ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያው ክረምት በኑርቡርግሪንግ በዝናብ የጀርመንን ግራን ፕሪ ወሰደ። መርሴዲስ ፈጽሞ ውድድር ሲያቆም ደግሞ በ1932 ዓ.ም. ለአልፋ ሮሜዎ መንዳት ጀመረና በኢጣልያኑ መኪና የአገሩን ግራን ፕሪ አራተኛ ጊዜ አገኘ።

አልፋ ሮሜዎም በተራው ከውድድር ሲወጣ፣ ካራቾላና የሞናኮው ተወላጅ ሉዊ ሺሮን ገንዘባቸውን አዋጥተው የራሳቸውን ጓድ አቋቋሙ። የሁለቱም ስም የሚጀምረው በአንድ ፊደል ስለ ነበር ጓዱን በዚያው ፊደል ሰየሙት። የካራቾላ መኪና ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ሸንተረር ነበረው፤ የሺሮን ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ሸንተረር ነበረው። የመጀመሪያ ውድድራቸው በ1933 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የሚደረገው የሞናኮ ግራን ፕሪ ነበር።

ከውድድሩ በፊት በነበረው የልምምድ ቀን ካራቾላ ወደ ባሕሩ ዳር መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ከአራቱ ጎማዎች ፍሬን የሦስቱ አልያዘም። በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ወገን የድንጋይ ግንብ ነበረ። ለማሰብ ጊዜ በሌለበት ቅጽበት ግንቡን መረጠ። መኪናው ተጨራምቶ ሲቆም በራሱ ለመውረድ ሞከረ። እግሩን መሬት ሲያስነካ ግን ብርቱ ሕመም ስለ ጣለው ሰዎች በወንበር ተሸክመው እዚያው አጠገብ ወዳለው የትንባሆ መሸጫ ሱቅ አስገቡት። የቀኝ ጭኑ አጥንት በብዙ ስፍራ ተሰባብሮ ነበር።

የሞናኮ ሐኪሞች ከእንግዲህ ወዲህ ይህ ሰው መኪና ሊወዳደርበት ይቅርና በደንብ መራመዱም ያጠራጥራል አሉ። ሻርሎት ወደ ቦሎኛ አዛውራ ፑቲ ለሚባሉት ስመ ጥር የአጥንት ሐኪም ሰጠችው። እግሩ በጄሶ ታስሮ ለወራት ተኛ። ቆይቶም በስዊስ አገር በሉጋኖ አጠገብ ወዳለው መኖሪያው ገብቶ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ኖይባወር መርሴዲስ ለ1934 ዓ.ም. አዲስ የውድድር መኪና እየሠራ መሆኑን ሊነግረው መጣ። ካራቾላ እግሩ ድኗል ብሎ አስረዳው፤ ኖይባወር ግን ዓይኑ እያየ ያንን ለማመን አልቻለም፤ ሆኖም ስለ ውሉ ተነጋገሩ።

ፌብሩዋሪ 1934 ዓ.ም. ሻርሎት ከወዳጆቿ ጋር በአልፕ ተራራዎች ላይ በበረዶ ለመንሸራተት ወጣች። ወትሮ አብሯት የሚሄደው ባሏ በእግሩ ምክንያት እቤት ቀርቶ ይጠብቃት ነበር። የበረዶ ናዳ ወርዶ ገደላት። በአምስቱ ሰዎች ጓድ ውስጥ በየጣቢያው እየሮጠች ሰዓት ስትቆጥርለት የነበረችው፣ በቦሎኛም ከአልጋው አጠገብ ያልተለየችው ሚስቱ ነበረች። ካራቾላ ከሰው ተለይቶ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ወደ እሱ የሚመላለሱት ጥቂት ነበሩ፤ ከነዚህም ሺሮንና አሊስ ሆፍማን የምትባለው የሺሮን ወዳጅ ይገኙበታል።

ከዚህ የኀዘን ቤት ያወጣው ሞናኮ ነው። በሚያዝያ ወር ግራን ፕሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ የክብር ዙር በመኪና እንዲዞር አዘጋጆቹ ጋበዙት። ሊወድቅበት ትንሽ በቀረበት በዚያ መንገድ ቀስ ብሎ ዞረ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የሞተሩ ድምፅም የቀረውን አደረገ። በሚቀጥለው ወር በአቩስ አዲሱን መርሴዲስ ሞክሮ ፍጥነቱ እንደ ቀድሞው መሆኑን አሳየ።

ሆኖም ፈጣን መሆንና አምስት ሰዓት ሙሉ ሕመም ችሎ መንዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመስከረም ወር በሞንዛ በተደረገው የኢጣልያ ግራን ፕሪ እስከ ውድድሩ እኩሌታ ድረስ ሁለተኛ ሆኖ ከሄደ በኋላ ከዚያ ወዲያ የእግሩን ሥቃይ ሊችል ስላልቻለ መኪናውን ለጓደኛው ለሉዊጂ ፋጂዮሊ ለቀቀለት። ፋጂዮሊም ያንን መኪና አንደኛ አደረገው። ተመልካች ዋንጫውን ያያል፤ ያን ጊዜ ካራቾላን ከወንበሩ ደግፈው ያወጡት ግን ቀጣዮቹ ዓመታት በምን ዋጋ እንደሚገኙ ሳይገምቱ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ስለ መንግሥቱም መናገር ያስፈልጋል። ሂትለር በ1933 ዓ.ም. ጃንዋሪ ወር ሥልጣን እንደ ያዘ ለመርሴዲስና አውቶ ኡኒዮን ለሚባለው ለሌላው ኩባንያ ለውድድር የሚሆን ገንዘብ ከመንግሥት እንዲሰጥ አደረገ። የመኪናዎቹ ድል የመንግሥቱ ድል ሆኖ በራዲዮና በሲኒማ ይለፈፍ ነበር። ነጂዎቹ የፓርቲው የሞተር ጓድ አባላት ሆኑ። ካራቾላ የፓርቲው አባል አልነበረም፤ ቤቱም በስዊስ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን ተቀብሏል፤ በየሰልፉና በየግብዣው ቆሟል፤ ተቃውሞም አላሰማም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያልፉት አንዳንዶቹ ደግሞ ብርቱ ወቀሳ ያደርጉበታል። ማነጻጸሪያ የሚሆነው ያ በ1926 ዓ.ም. በዝናብ አብሮት የተወዳደረው ሮዘንበርገር ነው። ሮዘንበርገር አይሁዳዊ ነበር። በ1931 ዓ.ም. ከኢንጂነር ፈርዲናንድ ፖርሸ ጋር በስቱትጋርት የፖርሸን ድርጅት ያቋቋመ፣ ገንዘቡንም ያወጣ ሰው ነው። በ1935 ዓ.ም. ካራቾላ በየአገሩ ሲሸለም ሮዘንበርገር ከክርስቲያን ሴት ጋር ፍቅር ይዟል ተብሎ ተይዞ ኪስላው በሚባለው ማጎሪያ ተጣለ። ከወጣም በኋላ አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ ስሙንም ቀይሮ በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞተ። ሁለቱም ወጣቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መኪና ነበር የተነሡት።

ስለ ብር ቀለሙ መኪናዎችም አንድ ቃል እንጨምር። አዲሱ ደንብ መኪናው ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ በ1934 ዓ.ም. መርሴዲስ አንድ ኪሎ በልጦ ቢገኝ ነጩን ቀለም ሌሊቱን ፍቀው ስላነሡት አሉሚኒየሙ ብር መሰለ እየተባለ ይተረካል። ታሪኩን ያሰራጨው ኖይባወር ነው። የዘመኑን ሰነድ የመረመሩ ሰዎች ግን ይጠራጠሩታል፤ ጥሩ ተረት አዋቂ ሰው ነበርና።

በ1935 ዓ.ም. ካራቾላ በትሪፖሊ፣ በአይፍል፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅግ፣ በስዊስና በስፓኝ አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። የትሪፖሊው ውድድር በሜይ ወር የተደረገው ኢጣልያ በምትገዛት በሊቢያ፣ ገዥው ኢታሎ ባልቦ በተገኙበት ነው። የፋሺስት መንግሥት ሀብቱንና ጉልበቱን ለዓለም ለማሳየት ብዙ ወጪ ያደረገበት በዓል ነበር፤ ከአምስት ወር በኋላ ያው መንግሥት ኢትዮጵያን እንደ ወረረ ለአንባቢያችን ማስታወስ አያሻም። ለካራቾላ ግን ያ ቀን ከሞናኮው አደጋ ወዲህ ራሱን እንደ ገና ያገኘበት ነበር።

በአይፍሉ ውድድር ደግሞ አዲስ ሰው ተነሣበት። በርንት ሮዘማየር ይባላል፤ ከሞተር ብስክሌት የመጣ የ25 ዓመት ወጣት ነው። አሥራ ስድስት ሲሊንደር ያለውን፣ ሞተሩ ከነጂው ኋላ የተቀመጠውን የአውቶ ኡኒዮን መኪና እንደ ፈረስ ይጋልበው ነበር። ካራቾላ መጨረሻው መሥመር አጠገብ አልፎት በሁለት ሰኮንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት አሸነፈው። በ1936 ዓ.ም. ግን ወጣቱ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት ለካራቾላ የቀረችለት ትልቅ ድል አንዲት ናት፤ እሷም የሞናኮ ነች። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ከአንድ መኪና የፈሰሰ ዘይትም መንገዱን ስላበላሸው ሺሮንን ጨምሮ ብዙዎች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ወጡ። ካራቾላ በመካከላቸው አልፎ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አጥንቱ በተሰበረበት ግንብ አጠገብ እየተመላለሰ፣ አንደኛ ሆኖ ፈጸመ።

በ1937 ዓ.ም. ሩዶልፍ ኡለንሀውት የሚባለው ወጣት ኢንጂነር መኪናውን ከመሠረቱ አሻሽሎ ስለ ሠራው፣ ካራቾላ የጀርመንን፣ የስዊስንና የኢጣልያን ግራን ፕሪ ወስዶ ሻምፒዮንነቱን መለሰ። በዚያው ዓመት አሊስ ሆፍማንን አገባ።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1938 ዓ.ም. ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት በሚወስደው አዲስ አውራ ጎዳና ላይ ለፍጥነት ሙከራ ወጣ። መኪናው 736 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ነፋስ እንዳይገታው የአየር ማስገቢያው ስለ ጠበበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሣጥን የተሞላ በረዶ ነበር። ካራቾላ ጧት በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በሰዓት 432.7 ኪሎ ሜትር ሄደ። በሕዝብ መንገድ ላይ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት የተመዘገበው በ2017 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ደስታው ጥቂት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሮዘማየርም ያንኑ ክብር ለመንጠቅ በዚያው ጧት መጣ፤ ነፋሱ ግን ከጫካው መካከል እየገፋ ይመጣ ጀምሮ ነበር። መኪናው ከመንገዱ ተወርውሮ ተሰባበረ፤ ሮዘማየርም ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር፤ ገና ጥቂት ወር የሆነው ልጅም ነበረው። ሁለት ኩባንያዎች በክረምት መካከል፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ጧት እንዲፎካከሩ ምን እንዳስገደዳቸው ዛሬ ሲታሰብ የመንግሥት ጭብጨባ ከማለት በቀር ሌላ በቂ ምክንያት አይገኝም።

ካራቾላ በዚያም ዓመት ሦስተኛውን ሻምፒዮንነት አገኘ። በስዊስ በብሬምጋርተን በዝናብ ያደረገው ውድድር ከሥራዎቹ ሁሉ ከምርጦቹ የሚቆጠር ነው። በ1939 ዓ.ም. ግን ኃይሉ መቀነሱ ታየ። ከሜካኒክነት ተነሥቶ ነጂ የሆነው ሄርማን ላንግ ይበልጠው ጀመር፤ ካራቾላም ኖይባወርና ኩባንያው ለላንግ ያደላሉ እያለ ቅሬታ አሰማ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ታላቅ ሰው ወጣቱ ሲያልፈው የሚሰማው መራራነት በዚህ ውስጥ ይታያል። ሆኖም በጁላይ ወር በኑርቡርግሪንግ ዘነበና ስድስተኛውን የጀርመን ግራን ፕሪ አገኘ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ።

ጦርነቱን በስዊስ አሳለፈው። ከመርሴዲስ የሚሰጠው ጡረታ በ1942 ዓ.ም. ተቋረጠ። ሰላም ሲወርድ፣ በ1946 ዓ.ም. በ45 ዓመት ዕድሜው፣ ወደ አሜሪካ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። በስዊስ የነበሩትን የመርሴዲስ መኪናዎች ለመውሰድ ስላልተፈቀደለት፣ አንድ አሜሪካዊ ባለሀብት መኪና አዋሰው። ዕድሜ ልኩን በሸራ ቆብ ነበር የሚነዳው፤ አዘጋጆቹ ግን የታንከኛ ጠንካራ ቆብ ካላደረግህ አትገባም ብለው አስገደዱት። በሙከራው ላይ ወፍ ሳይሆን የማይቀር አንድ ነገር ፊቱን መታውና መኪናው ግንቡን ላተመው። ለብዙ ቀን ራሱን ስቶ ቆየ፤ ነፍሱን ያተረፈለት ያ ሳይወድ ያደረገው ቆብ ነው። የመወዳደሪያው ባለቤት ቶኒ ሀልማን እሱንና አሊስን በማረፊያ ቤታቸው ተቀብለው እስኪያገግም ድረስ አስተናገዱት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። ካራቾላ ግን በ1952 ዓ.ም. መርሴዲስ ወደ ውድድር ሲመለስ 51 ዓመቱ ሆኖ ሳለ ተመለሰ። በሚሌ ሚልያ አራተኛ ወጣ። ብዙ ቀን ሳይቆይ በስዊስ በበርን ከተማ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ስለ መታ ደህና የነበረው ግራ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። በመጨረሻ ዓመታቱ በአውሮፓ ላሉት የሰሜን አትላንቲክ ጦር ወታደሮች መርሴዲስ እያሳየ በመሸጥ ሠራ፤ በወጣትነቱ በድሬስደን ወደ ጀመረው ሥራ መመለሱ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1959 ዓ.ም. በካሰል ከተማ በጉበት በሽታ ሞተ። የተቀበረው በሉጋኖ ነው።

በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ በ2001 ዓ.ም.፣ በኑርቡርግሪንግ ያ ቦይ የነበረበት መታጠፊያ በስሙ ተሰየመ። ዋንጫዎቹ ግን በጀርመን አልቀሩም። ለሀልማን ውለታ ምስጋና እንዲሆን አሊስ በኢንዲያናፖሊስ ለሚገኘው ሙዚየም ሰጠቻቸው። በዚያ ከተማ እሱ አንድም ውድድር ጀምሮ አያውቅም።